«ግራጫው መኪና»ን በትክክለኛ ፍጥነቱ ለማየት

የሜክሲኮው ኤንሪኬ ሮሳስ ይህን ድምፅ አልባ ፊልም በ1919 እ.ኤ.አ. ያወጣው በ12 ክፍል ነው። ዛሬ የሚገኘው ተቆርጦ ያጠረው ቅጂ ስለሆነ ታሪኩ ድንገት ቢዘል ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም።

ዋናው ችግር ፍጥነቱ ነው። የዚያን ዘመን ካሜራ በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ ከ16 እስከ 18 ምስል ገደማ ያነሳ ነበር። ያ በ24 ሲታይ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ይሯሯጣሉ፣ ድራማውም አስቂኝ ይመስላል። መጀመሪያ መንገድ ላይ የሚራመድ ሰው ይፈልጉና እግሩን ይመልከቱ። ከፈጠነ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፍጥነቱን 0.75 ያድርጉት፤ ካልበቃ 0.67። እርምጃው ውኃ ውስጥ የሚሄድ ሰው ከመሰለ ግን ቅጂው አስቀድሞ ተስተካክሏልና ወደ 1 ይመልሱት። ሲዘገይ የተጨመረው ሙዚቃ ስለሚጎተት ድምፁን ያጥፉ።

ታሪኩ በ1915 የወታደር ልብስ ለብሰው፣ የፍተሻ ትእዛዝ ይዘው የሜክሲኮ ሲቲ ሀብታሞችን ቤት የዘረፉ ወንበዴዎች ነው። መጨረሻ ላይ የሚረሸኑት ተዋናዮች አይደሉም፤ ሮሳስ በቦታው ተገኝቶ የቀረጸው እውነተኛ ግድያ ነው። ልጆች አጠገብዎ ካሉ እዚያ ሳይደርሱ ያቁሙት። ለብቻዎ ከሆኑ ግን አይዝለሉት፤ ከፊቱ ያለው ትወና ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ትዕይንት ነው።