«ኩድ ዩ ቴል ሚ» ካላችሁ በኋላ የሚበላሸው ጥያቄ

አራት ኪሎ አካባቢ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች፣ አስጎብኚዎችና ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። «ፕሊስ» እና «ኩድ ዩ» ማለትን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ከዚያ አልጀምርም።

ምልክት፦ ጥያቄው በትህትና ይጀምርና መሃል ላይ ይሰበራል። «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ኢዝ ዘ ባንክ?» ይኼንን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም።

መንስኤ፦ ሁለት ጥያቄ ተደራርቧል። «ኩድ ዩ» ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ኩድ» ከባለቤቱ ቀድሞ ወጥቷል። አንዴ ከተገለበጠ በቃ። ቀጥሎ የሚመጣው ተራ ዓረፍተ ነገር ነው።

መፍትሄ፦ ባለቤቱ ይቅደም፣ ግሱ ይከተል። «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ባንክ ኢዝ?»

ደንቡን ብዙዎቹ ያውቁታል፤ አፋቸው ግን እምቢ ይላቸዋል። መላው ያለው አማርኛችን ውስጥ ነው። በቀጥታ ስንጠይቅ «ባንኩ የት ነው?» እንላለን። በትህትና ሲሆን «ባንኩ የት እንደሆነ ይነግሩኛል?» ነው። «የት ነው ይነግሩኛል?» የሚል ሰው የለም። እንግሊዝኛ ለዚህ «እንደ» የሚል ቅጥያ የለውም፤ ሥራውን በቃላት ቅደም ተከተል ይሠራዋል። በልባችሁ «እንደሆነ» ካላችሁ፣ ግሱን ወደ ቦታው መልሱት።

ካዛንቺስ ሆቴል የምትሠራ ተማሪ ነበረችኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሜይ አይ ኖው ዋት ኢዝ ዩር ሩም ነምበር?» ትላለች። አሥር ጊዜ አረምኳት፤ በማግስቱ ያው ነው። በኋላ ምክንያቱን አገኘሁት። ለሥልጠና የተሰጣት ወረቀት ላይ እንደዚያ ተጽፎ፣ ላሚኔት ተደርጎ፣ ከፊቷ ተለጥፏል! ሰው እንጀራውን የሚበላበትን ቋንቋ ሳያርሙ ማባዛት በጣም ያናድደኛል። ወረቀቱን ቀየርነው፦ «ሜይ አይ ኖው ዋት ዩር ሩም ነምበር ኢዝ?» በሳምንት ውስጥ ተስተካከለች። እናንተም በስልካችሁ የሚዞሩትን የሐረግ ዝርዝሮች ሳትመረምሩ አትሸምድዱ።

የዚሁ ስህተት ወንድም «ዱ»፣ «ደዝ» እና «ዲድ» ናቸው። ከትህትናው መግቢያ በኋላ ሲመጡ ሦስቱም ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣሉ። ሲወጡ ግን የያዙትን ለግሱ ያስረክባሉ። «ዋት ታይም ደዝ ዘ ሙዚየም ኦፕን?» የነበረው «ዱ ዩ ኖው ዋት ታይም ዘ ሙዚየም ኦፕንስ?» ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» አትርሷት! ብሔራዊ ሙዚየም እንግዶች የሚያስጎበኝ ልጅ «ዱ ዩ ኖው ዌን ዲድ ዘይ ፋይንድ ሉሲ?» ይል ነበር። «ዲድ»ን አውጣ ስለው «ዌን ዘይ ፋይንድ ሉሲ» አለኝ። ያለፈው ጊዜ አብሮ ጠፋ። ሉሲ የተገኘችው በ1967 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ «ዌን ዘይ ፋውንድ ሉሲ» ነው የሚባለው።

መልሱ አዎ ወይም አይደለም ከሆነ «ኢፍ» አስገቡ፦ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ኢፍ ዘ ማናጀር ኢዝ ኢን?» የእኛ «መኖር አለመኖሩን» ማለት ነው።

«ሁ ኮልድ?» (ማን ደወለ?) ውስጥ ባለቤቱ ራሱ «ሁ» ስለሆነ ምንም አይቀየርም፦ «ዱ ዩ ኖው ሁ ኮልድ?»

«አይ ወንደር» ብላችሁ ስትጽፉ መጨረሻው ነጥብ እንጂ የጥያቄ ምልክት አይደለም።

ምልክት፦ ክፉ ሳትናገሩ የእንግዳው ፊት ይቀየራል። መንስኤው «ዩ» ነው፤ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም እሱ ነው። በአማርኛ አክብሮቱን ግሱ ይሸከመዋል። በእንግሊዝኛ ከፊት ካላስቀመጣችሁት የትም የለም። «ዌር ኢዝ ዩር ፓስፖርት?» የፖሊስ ጥያቄ ይመስላል። «አይ ዎንት ቱ ኖው» ደግሞ ትዕዛዝ ነው፤ እባካችሁ ተዉት።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። ይኼንን የለመደ ሰው ቀጥተኛውን ጥያቄ ያበላሻል። «ዌር ዘ ባንክ ኢዝ?» ብሎ ይጀምራል። ከፊቱ «ኩድ ዩ ቴል ሚ» ወይም «ዱ ዩ ኖው» ከሌለ ግሱ ይገለበጣል፦ «ዌር ኢዝ ዘ ባንክ?» ሁለቱን ጎን ለጎን እያደረጋችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱ።