የድሮ ፖስትካርድ የመቼ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? የጋልቬስተንን እንይ

ሂዩስተን አካባቢ የምትኖሩ ጋልቬስተንን ታውቋታላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ሰው ልጆቹን ይዞ ባሕር ሊያይ የሚወርድባት የቴክሳስ ደሴት ናት። የድሮ ፖስትካርዶቿ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው በካርቶን ተሞልተው ይገኛሉ። ብዙዎቹ ግን ዓመት አልተጻፈባቸውም። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ በእርሳስ “1900” ብሎ ይሞነጭርባቸዋል፤ በዚያ ዓመት ከተማዋን የመታው አውሎ ነፋስ ስመ ጥር ስለሆነ ዋጋ ይጨምርለታል። እሱን አትመኑ፤ ራሳችሁ መርምሩ። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ገልብጡት

ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ እስከ መጋቢት 1 ቀን 1907 ድረስ በጀርባው ላይ አድራሻ ብቻ ነበር የሚፈቀደው። ሰላምታው የሚጻፈው ሥዕሉ ጎን በተረፈችው ጠባብ ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለሰላምታ ሆነ። ስለዚህ ጀርባውን መሃል ለመሃል የሚከፍል መስመር ከሌለው፣ ካርዱ የታተመው ከ1907 በፊት ነው ማለት ይቻላል። “ፕራይቬት ሜይሊንግ ካርድ” የሚል ካለበት ከ1898 እስከ 1901 ያለው ነው።

መስመር ካለው ወረቀቱን ዳስሱት። በሥዕሉ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ያለው በአብዛኛው ከ1915 እስከ 1930 ነው። እንደ ጨርቅ ሸካራ ሆኖ ቀለሙ የሚጮኸው ከ1930 እስከ 1945 ገደማ ነው። የሚያብረቀርቀው ባለቀለም ፎቶ ከ1939 ወዲህ ነው፤ በብዛት የተሰራጨው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ደረጃ 2፦ የፖስታ ማኅተሙን አንብቡ፣ ግን አትቸኩሉ

ማኅተሙ የሚነግራችሁ ካርዱ ከዚያ ቀን በኋላ እንዳልታተመ ብቻ ነው። ፎቶው መቼ እንደተነሳ አይናገርም። ሱቆች አንዱን ካርድ ለዓመታት ይሸጡት ነበር። አሳታሚዎችም የቆየ ፎቶ አውጥተው እንደ አዲስ ያትሙ ነበር። አድራሻው ላይ ባለ 5 አኃዝ ዚፕ ኮድ ካለ ግን ከ1963 ወዲህ የተላከ ነው።

ደረጃ 3፦ ትንንሾቹን ቁጥሮች ፈልጉ

ይቺን ደረጃ በጣም ነው የምወዳት። የቺካጎው ከርት ታይክ ኩባንያ ባሳተማቸው ሸካራ ካርዶች ላይ እንደ “5ኤ-ኤች” ያለ ምልክት በላቲን ፊደል ታገኛላችሁ። “ኤ” 1930ዎቹን፣ “ቢ” 1940ዎቹን፣ “ሲ” 1950ዎቹን ያመለክታል። ፊት ያለው አኃዝ ዓመቱ ነው። ስለዚህ 5ኤ 1935 ሲሆን 2ቢ 1942 ነው። አለቀ!

ካርዱ በፎቶ ወረቀት ላይ የታጠበ ከሆነ ቴምብር የሚለጠፍበትን ሳጥን እዩ። “AZO” (አዞ፣ የፎቶ ወረቀቱ የንግድ ስም) ከሚለው ጽሑፍ ጋር አራቱም ሦስት ማዕዘኖች ወደ ላይ ካመለከቱ ወረቀቱ ከ1904 እስከ 1918 ገደማ የተሠራ ነው። ሁለቱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከ1918 እስከ 1930 ነው።

ደረጃ 4፦ አሁን ሥዕሉን እዩት፣ በአጉሊ መነጽር

መስከረም 8 ቀን 1900 የመጣው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 6,000 ሰው ገደለ፤ ከተማዋንም አፈራረሳት። የተረፉት በባሕሩ ዳር 5 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግንብ ገነቡ። የመጀመሪያው ክፍል በ1904 ተጠናቀቀ። ግንቡ የሌለበት የባሕር ዳርቻ እይታ እንግዲህ የቆየ ሊሆን ይችላል። “ሊሆን ይችላል” ያልኩት ግንቡ በየጊዜው ስለተራዘመ ነው፤ የደሴቷ ምዕራብ ጫፍ ዛሬም ግንብ የለውም።

ከዚያ ደግሞ ከተማዋን ራሷን ከፍ አደረጓት። ቤቶቹን በክሪክ አንስተው ሥራቸውን ከባሕር በተቀዳ አሸዋ ሞሉት። በዚያ ጊዜ ሰው የሚሄደው በረጃጅም እንጨቶች ላይ በተረበረበ የጣውላ መተላለፊያ ነበር። ካርዱ ላይ ቤት በእግሮቹ ቆሞ፣ ከበሩ ጣውላ ተዘርግቶ ካያችሁ፣ ሥራው ከተካሄደበት ከ1903 እስከ 1911 ካለው ጊዜ ነው። ጀርባው መስመር ከሌለው ደግሞ ከ1903 እስከ 1907 ወዳለው ጠበበላችሁ።

ሆቴል ጋልቬዝ ካለበት ከ1911 ወዲህ ነው። ያ ባሕሩ ዳር ያለው ትልቅ ሕንፃ ለመለየት አያስቸግርም።

ቀለሙን ግን ለማስረጃ አትቁጠሩት። ብዙዎቹ የቀድሞ ካርዶች የታተሙት ጀርመን ነው፤ ቀለሙን የጨመረው ሰው ጋልቬስተንን አይቷት አያውቅም። “የሌሊት እይታ” የሚባሉት ብዙዎቹ ቀን የተነሱ ናቸው። ሰማዩን አጨልመው ጨረቃ ይሥሉበታል። ጥላው በየት በኩል እንደወደቀ ብታዩ ትስቃላችሁ።

የጎደለውንም አስተውሉ። ሰኔ 19 ቀን 1865 የባርነት ማብቃት በቴክሳስ የታወጀው በዚችው ከተማ ነው፤ ጁንቲንዝ የሚከበረውም ለዚያ ነው። ለቱሪስት በተሸጡት ካርዶች ላይ ግን የጥቁሮቹን ሰፈር እምብዛም አታገኙትም። እሱን የምትፈልጉ ከሆነ ፖስትካርዱን ትታችሁ ወደ ቤተሰብ አልበምና እንደ ሪዲ ቻፕል ወዳሉ ቤተ ክርስቲያናት ሂዱ።

ደረጃ 5፦ አመሳክሩ

ከ1904 ጀምሮ የሚያገለግለው የጋልቬስተኑ ሮዘንበርግ ቤተ መጻሕፍት ትልቅ የፎቶ ክምችት አለው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የዲትሮይት አሳታሚ ኩባንያን ፎቶዎች በነፃ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል። ለእሳት መድን የተሠሩት የሳንቦርን ካርታዎችም እዚያው አሉ፤ ሕንፃው እንጨት ይሁን ጡብ ሳይቀር ያሳያሉ።

ደረጃ 6፦ መዝግባችሁ አስቀምጡ

ሁለቱንም ገጽ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ። ላሚኔት አታስደርጉት፣ ፕላስተርም አይንካው። የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ይሻለዋል፤ ፒቪሲ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ይጣበቅበታል። ካርዱ ላይ ምንም አትጻፉ። በተለየ ወረቀት ላይ “1904–1907፣ ጀርባው መስመር የለውም፣ ግንቡ ይታያል” ብላችሁ ምክንያቱን ጭምር አስፍሩ።