የዓሣ ገንዳ መስታወት ሲበሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ከመስታወት ቤት አሠርተውም ሆነ የተሠራ ገዝተው ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች፣ ውኃው በራሱ ከሥር ወደሚቀመጠው የማጣሪያ ገንዳ እንዲወርድ ገንዳውን መብሳት የሚፈልጉበት ጊዜ አለ። ሥራው በቤት ውስጥ ሊከናወን ይችላል፤ መስታወቱ የሚሰነጠቀው ግን በአብዛኛው በሚታወቁ ስህተቶች ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የመስታወቱን ዓይነት ሳያጣሩ መጀመር ነው። ቴምፐርድ የሚባለው በሙቀት የጠነከረ መስታወት በምንም ዓይነት ጥንቃቄ አይበሳም፤ ሙሉ በሙሉ ተፈርክሶ ጥቃቅን ስብርባሪ ይሆናል። ጎኖቹ ተራ መስታወት ሆነው ወለሉ ብቻ ቴምፐርድ የሆነ ገንዳ ስላለ እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻ መመርመር ይገባል። ለዚህም ባዶውን ገንዳ ነጭ ብርሃን ባበራ የኮምፒውተር ስክሪን ፊት አስቀምጠው በፖላራይዝድ (ነጸብራቅ በሚቀንስ የፀሐይ) መነጽር ይመልከቱ፤ ጥላ መሰል ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ አይንኩት።

ሁለተኛው፣ ለብረት ወይም ለግድግዳ በተሠራ ፑንታ መሞከር ነው። የሚያስፈልገው ጠርዙ በአልማዝ ብናኝ የተለበጠ ክብ መብሻ ሲሆን፣ ድሪሉም እንደ መዶሻ የሚመታበት አሠራር ጠፍቶ በዝግታ መዞር አለበት። ውኃ ባለበት ሥራ ላይ 220 ቮልት ከሚስብ ድሪል ይልቅ በባትሪ የሚሠራውን እመርጣለሁ፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግም ግዴታ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በመጫን ነው። መብሻው መሐሉ ላይ የሚይዘው ጫፍ ስለሌለው መጀመሪያ ላይ ይንሸራተታል፤ ሰውየውም እንዲይዝለት ብሎ ይጫናል። መፍትሔው ከእንጨት ሠሪዎች ቁራጭ ኮምፔርሳቶ አግኝቶ በልኩ መብሳትና መስታወቱ ላይ አጥብቆ እንደ መሪ መጠቀም ነው። በሚበሳው ቦታ ዙሪያ በስቱኮ ትንሽ ግድብ ሠርተው ውኃ ያቁሩበት። መብሻው በራሱ ክብደት ሲሠራ እንደ አጥሚት የወፈረ ነጭ ዝቃጭ ይወጣል፤ ዝቃጩ ሲደርቅ ወይም ድምፁ ወደ ጩኸት ሲለወጥ ሙቀት ተፈጥሯልና ወዲያውኑ ቆም ብለው ውኃ ይጨምሩ። ሊያልፍ ሲል ደግሞ ክብደቱን ይበልጥ ያቅልሉ፤ ከጀርባ የሚለጠፍ ናስትሮ የሚወድቀውን ክብ ቁራጭ ይይዛል፣ የጠርዙንም መሸራረፍ ይቀንሳል።

በቀዳዳው የሚገባውን የቱቦ ማገናኛ በእጅ ይዘው ሳይለኩ መብሻ መግዛትም፣ ቀዳዳውን ወደ ጠርዝ ማስጠጋትም ስህተት ነው። ቀዳዳው 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከመስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ ያንኑ ያህል ይራቅ። ማገናኛውን ሲገጥሙ የጎማው ቀለበት ከመስታወቱ ጋር ይገጥም፤ ማጥበቂያውም በእጅ ይበቃል፣ በቁልፍ ኃይል መጨመር መስታወቱን ይሰነጥቃል።

ከመብሳት በፊት መታሰብ ሲገባው የሚዘነጋው የቀዳዳው ከፍታ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ውኃውን ከማጣሪያው ወደ ላይ የሚመልሰው ፓምፕ ይቆማል፤ ውኃው ግን እስከ ቀዳዳው አፍ ድረስ መውረዱን ይቀጥላል። 100 በ40 ሴንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ እያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 4 ሊትር ነውና፣ ቀዳዳው ከውኃው ገጽ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ 24 ሊትር ይወርዳል። የታችኛው የማጣሪያ ገንዳ ይህን የሚቀበል ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ውኃ የሚመልሰው ቱቦም ጫፉ ጠልቆ ከተቀመጠ ውኃውን ወደ ኋላ ስቦ ስለሚያወርድ፣ ከገጹ ብዙ ሳይርቅ ይቀመጥ።