ክዳኑ ሲከፈት አልነቃ ያለ ላፕቶፕ፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ጠዋት የጀመርኩትን የትርጉም ሥራ ግማሽ ላይ ትቼ፣ ዊንዶውስ የተጫነበትን ላፕቶፔን ከደንኩትና ወጣሁ። ከአራት ሰዓት በኋላ ተመልሼ ክዳኑን ስከፍተው ፋኑ ጮኸ፣ የኪቦርዱ መብራት በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ማውሱን አንቀሳቀስኩ። ስፔስ ተጫንኩ። ምንም የለም። በመጨረሻ የፓወር ቁልፉን ተጭኜ አጠፋሁት። ሲነሳ ከዜሮ ተነሳ፤ ሴቭ ያላደረግኳቸው አራት ገጾች አብረው ሄዱ።

በማግስቱ ደገመው። በሦስተኛው ቀን ግን አምስት ደቂቃ ብቻ ከድኜ ስከፍተው ምንም ሳይሆን ነቃ። በኋላ መልሱን ያገኘሁት ከዚህች ልዩነት ነው። እስክደርስባት ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እናንተ ያን ያህል እንዳትቆዩ የሄድኩበትን መንገድ ልንገራችሁ።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ፎርማት አድርገው» ነው ያለኝ። አታድርጉት፤ ቢያንስ አሁን አታድርጉት። ፎርማት ስታደርጉ ያው ድራይቨር (ዊንዶውስ እያንዳንዱን ዕቃ የሚያዝበት ፕሮግራም) ተመልሶ ሊጫን ይችላል። ችግሩ የባዮስ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው የውስጥ ፕሮግራም) ወይም የራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ከሆነ ደግሞ ፎርማት ጭራሽ አይነካውም። ቀኑን ሙሉ ፕሮግራም ስትጭኑ ትውሉና፣ ማታ ክዳኑን ስትከፍቱ ያው ጥቁር ስክሪን ይጠብቃችኋል።

የትኛውን እንቅልፍ ነው የሚተኛው?

«ስሊፕ» የምንለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ሳላውቅ ነበር የምታገለው።

የቆየው ኤስ3 ይባላል። ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑ፣ ዲስኩ ይጠፋሉ። ራሙ ብቻ ትንሽ ኃይል እያገኘ የያዘውን ይዞ ይቆያል። ክዳኑን ስትከፍቱ የጠፋው ሁሉ እንደገና ኃይል ያገኛል፤ እያንዳንዱ ዕቃ በድራይቨሩ በኩል «አለሁ» ብሎ መመለስ አለበት። አንዱ ዝም ካለ ሌላውም እሱን ሲጠብቅ ይቆማል። ብዙ ጊዜ ስታክ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ በብዛት ያለው ኤስ0 ነው፤ ሞደርን ስታንድባይም ይሉታል። ልክ እንደ ስልክ ስክሪኑ ይጠፋል እንጂ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አይተኛም። በየመሀሉ ነቅቶ የራሱን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ነቅቶ ከቆየ ደግሞ ይግላል፤ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ያጠፋል። እናንተ ስትከፍቱት «ሲነሳ ክራሽ አደረገ» ትላላችሁ። እሱ ግን ከጠፋ ሰዓታት አልፈዋል። ላፕቶፑን ከቦርሳ ስታወጡት እጃችሁን የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም ባትሪው ሙጥጥ ብሎ ካገኛችሁት መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ።

ሦስተኛው ሃይበርኔት ነው። ራም ላይ ያለው ሁሉ ወደ ዲስክ ይጻፍና ማሽኑ ለይቶለት ይጠፋል። ሲበራ ከዲስኩ አንብቦ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የእናንተ ማሽን የትኞቹን እንደሚችል ለማየት ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱ። «ፓወር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሳትለያዩ ሲ፣ ኤፍ እና ጂ የሚሉትን ፊደላት፣ ከዚያ ስፔስ፣ ስላሽ እና ኤ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ዝርዝሩ ይወጣል። የእኔ ላይ ኤስ3 እና ሃይበርኔት ነበሩ።

ሞቷል ወይስ ስክሪኑ ብቻ ነው?

ጥቁር ስክሪን ሲያጋጥማችሁ ወዲያው የፓወር ቁልፉን አትጫኑ። መጀመሪያ ካፕስ ሎክን ተጫኑና ትንሿን መብራት ተመልከቱ። እኔ ፊቴን ወደ ኪቦርዱ አስጠግቼ፣ ክፍሉን አጨልሜ ነበር ያየሁት። አንዴ ስትጫኑ በርታ፣ ሲደገም ከጠፋች ዊንዶውስ ውስጡ በሕይወት አለ፤ የጠፋው ስክሪኑ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ። ይህ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። አጭር የ«ቢፕ» ድምፅ ተሰምቶ ስክሪኑ ከበራ ሥራችሁም አልጠፋም፣ ጥፋተኛውም ታወቀ።

ድምፁ ተሰምቶ ስክሪኑ እንደጨለመ ከቀረ የስልካችሁን ባትሪ መብራት በሰያፍ አድርጋችሁ ወደ ስክሪኑ አብሩ። ደብዛዛ ምስል ከታየ የተበላሸው የስክሪኑ የኋላ መብራት ወይም ገመዱ ነው፤ ይህ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም።

የካፕስ ሎኳ መብራት በርታም ሆነ ጠፍታ ከደረቀች፣ የምትጫኑትን የሚሰማ የለም። ማሽኑ በሙሉ ስታክ አድርጓል። የእኔ እንደዚህ ነበር። ያን ጊዜ የፓወር ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ይዞ ከማጥፋት በቀር ምርጫ የለም።

ማስታወሻ ያዙ

ደብተር አወጣሁና በእያንዳንዱ ሙከራ ስንት ደቂቃ እንደተኛ፣ ቻርጀር ላይ ይሁን ባትሪ ላይ፣ ምን እንደተሰካበት መጻፍ ጀመርኩ። ገጹ ይህን ይመስል ነበር፦

5 ደቂቃ፣ ቻርጀር፣ ነቃ።
20 ደቂቃ፣ ባትሪ፣ ነቃ።
20 ደቂቃ፣ ባትሪ፣ ማውስና ፍላሽ ተሰክቶ፣ ነቃ።
2 ሰዓት፣ ቻርጀር፣ ነቃ።
3 ሰዓት ተኩል፣ ቻርጀር፣ ሞተ።
ሌሊቱን፣ ቻርጀር፣ ሞተ።

ስድስት መስመር ናት። ግን ከሁለት ሳምንት ግምት የበለጠ ነገረችኝ። ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት የሚለወጥ ነገር አለ። የድሮው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብቼ፣ አድቫንስድ ሲቲንጉን ከፍቼ፣ ስሊፕ የሚለውን ስዘረጋ «ሃይበርኔት አፍተር» ከሚለው ጎን 180 ደቂቃ ይላል። ማለትም ላፕቶፑ መጀመሪያ ስሊፕ ያደርጋል፤ ሦስት ሰዓት ሲሞላው ለጥቂት ጊዜ ነቅቶ ወደ ሃይበርኔት ይገባል። የሚያቅተው ከስሊፕ መንቃት አልነበረም። ከሃይበርኔት መመለስ ነበር።

የእናንተ ሠንጠረዥ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል። ባትሪ ላይ ብቻ የሚሞት ከሆነ ኃይል ቆጣቢ ሲቲንጎች ላይ አተኩሩ። አንድ ዕቃ ሲሰካ ብቻ ከሆነ እሱን ነቅላችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ በተለይ በዩኤስቢ የሚሰኩ ዶኮችንና የገመድ አልባ ማውስ መቀበያዎችን። አጭርም ረጅምም ሳይል ሁሌ የሚሞት ከሆነ የድራይቨር ወይም የባዮስ ጥርጣሬ ይጠነክራል።

ዊንዶውስ የጻፈውን አንብቡ

ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኢቨንት ቪወርን ክፈቱ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም። ክራሽ ካደረገ በኋላ እንደገና የተነሳበትን ሰዓት ፈልጉ። ምንጩ ከርነል ፓወር፣ ቁጥሩ 41 የሆነ ቀይ ምልክት ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ፓወር» ስለሚል ባትሪ ወይም ቻርጀር ይቀይራል። 41 የሚለው ግን ማሽኑ በደንብ ሳይዘጋ ጠፍቶ እንደገና ተነሳ ብቻ ነው። ቁልፉን ይዛችሁ ስታጠፉትም ይኸው ይጻፋል።

ጠቃሚው ዲቴይልስ የሚለው ክፍል ውስጥ ያለው የበግቼክ ኮድ (የስህተቱ መለያ ቁጥር) ነው። ዜሮ ካልሆነ ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየው ሰማያዊው ስክሪን መጥቶ ነበር ማለት ነው፤ እናንተ ባታዩትም። እዚያ ላይ 159 ካያችሁ ይህ 9ኤፍ የሚባለው ስህተት ነው፤ ስሙ ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር። አንድ ድራይቨር ተኛ ወይም ንቃ ሲባል በጊዜው አልመለሰም ማለት ነው። ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሚኒደምፕ የሚባል ፎልደር ካለ በዚያ ቀን የተፈጠረውን ፋይል ብሉስክሪንቪው በምትባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት፤ የተጠረጠረውን ድራይቨር ስም ታሳያችኋለች።

ኮዱ ዜሮ ሆኖ ምንም ፋይል ከሌለስ? ይህም ራሱ ወሬ ነው። ዊንዶውስ የክራሹን መረጃ የሚጽፈው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ፣ ማለትም ኤስኤስዲው፣ ራሱ ካልነቃ የሚጽፍበት ቦታ የለም። ወይ ደግሞ እንደ እኔው ማሽን፣ ስህተት ብሎ ሳያውጅ እዚያው ደርቆ ቀርቷል።

ከ41 በፊት ወደተጻፉት ሄዳችሁ ቁጥር 42ን ፈልጉ፤ ወደ ስሊፕ እየገባ ነው የሚል ነው። በመካከላቸው ቁጥር 107፣ ማለትም ነቅቷል የሚለው ካለ፣ ማሽኑ ነቅቶ ከዚያ በኋላ ነው የወደቀው። ከሌለ ወይ ሲተኛ ወይ ገና ሲነቃ ነው የሞተው። ይህ የ42 እና የ107 ነገር ለኤስ3 ነው። ሞደርን ስታንድባይ ላይ 506 መግባቱን፣ 507 መውጣቱን ይናገራሉ።

አሁን ንኩት፣ ግን አንድ በአንድ

በአንድ ቀን አምስት ነገር ቀይራችሁ ቢድን የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፤ ሲመለስም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አንድ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ጻፉ።

መጀመሪያ ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። ሲቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አፕዴት ሂስትሪ፣ ከዚያ ድራይቨር አፕዴትስ የሚለውን ተመልከቱ። የእኔ ችግር ከመጀመሩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የግራፊክስ ድራይቨር ተቀይሮ ነበር። ይህን አስቀድሜ ባየሁ ኖሮ ብዙ ቀን እቆጥብ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዕቃውን ፈልጋችሁ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ ከዚያ ሮል ባክ በሉት። ቁልፉ ደብዝዞ ከሆነ የላፕቶፑን ሞዴል ይዛችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ የግራፊክስ፣ የዋይፋይና የቺፕሴት ድራይቨሮችን አውርዱ። «ድራይቨር በራሴ አዘምናለሁ» ከሚሉ ፕሮግራሞች ራቁ፤ የማይሆን ድራይቨር ጭነው ነገሩን ሊያባብሱት ይችላሉ።

ዋይፋዩን ከጠረጠራችሁ እዚያው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ክፍሉ ሞደርን ስታንድባይ ባላቸው ማሽኖች ላይ ላይኖር ይችላል። ኤስኤስዲውን ከጠረጠራችሁ ደግሞ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስር ያለውን ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንት ኦፍ አድርጉና ሞክሩ።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፋስት ስታርትአፕ (ማሽኑ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው ሲቲንግ) ከበራ ሻት ዳውን ስትሉ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የውስጥ ክፍሉንና ድራይቨሮቹን በሃይበርኔት መልክ ያስቀምጣል። ስለዚህ «አጥፍቼ አበራሁት» ማለት አዲስ ጅማሬ አይደለም። ድራይቨር ከቀየራችሁ በኋላ ሪስታርት በሉት።

ሃይበርኔትን ለመለየት ኮማንድ ፕሮምፕትን እንደ አድሚን ክፈቱ። ቅድም በጻፋችሁት ትእዛዝ ላይ ከስላሹ በኋላ በኤ ፋንታ ኤች፣ ስፔስ፣ ከዚያ «ኦፍ» ጻፉ። ሃይበርኔትም ፋስት ስታርትአፕም ይጠፋሉ፣ ሃይበርኔት ዲስክ ላይ የሚጽፍበት ፋይልም ይሰረዛል። እንዲህ አድርጌ ሌሊቱን አስተኛሁት። ነቃ። በማግስቱም ነቃ። ጥርጣሬዬ ተረጋገጠ። ነገር ግን እንዲህ አድርጋችሁ ከተዋችሁት፣ ተኝቶ ሳለ ባትሪው ካለቀ ሴቭ ያልሆነው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ መልሼ «ኦን» አልኩት፤ ፋይሉም እንደ አዲስ ተፈጠረ። በሁለተኛው ሌሊት ሞተ። ያን ጊዜ ነው ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ የሄድኩት፤ ለሞዴሌ የተዘጋጀውን ከአምራቹ ገጽ አውርጄ ጫንኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ።

ባዮስን ማዘመንን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ለእንቅልፍ ችግር ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል፣ ግን ሲቋረጥ ላፕቶፑን ሊያበላሽ ስለሚችል ድራይቨሮቹ ካልሠሩ በኋላ ይሁን። የራሳችሁን ሞዴል ብቻ አውርዱ፣ ቻርጀሩን ሰኩ፣ እስኪጨርስ ምንም አትንኩ።

ሰማያዊው ስክሪን በየጊዜው የተለያየ ስህተት የሚያሳይ ከሆነ፣ ወይም ሳይተኛም የሚወድቅ ከሆነ ራሙን ፈትሹ። ስታርት ላይ ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ብላችሁ ፈልጉ፤ ሪስታርት አድርጎ ይፈትሻል። በቅርቡ ራም ከጨመራችሁ የጨመራችሁትን አውጥታችሁ ሞክሩ።

አንድ ጊዜ ነቃ ብላችሁ ዳነ አትበሉ። እኔ ከድራይቨሩ በኋላ አሥር ሌሊት መዝግቤያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጠዋቶች ክዳኑን የከፈትኩት ሥራዬን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ሆን ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ተውኩት። ጠዋት ስከፍተው ጠቋሚዋ እዚያው ያልተጨረሰው ቃል ጎን ብልጭ ድርግም ስትል አገኘኋት።