ደረት ሲያም ሰዓቱን ያዙ

እኛ ጎንደር ደረቱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚለው «ጨጓራዬ ነው» ነው። አዘዞ ያሉት አጎቴም እንደዚያው አሉ። ላብ ሲያጠምቃቸው ነው ሐኪም ቤት የወሰድናቸው። የደም ውጤቱ «ደህና ነው» ተባለ። ደስ ብሎን ልንመለስ ስንል አንዲት ነርስ «ሕመሙ ስንት ሰዓት ላይ ጀመረ?» አለችን። ገና አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይገባል። ግን ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ቶሎ የተሠራ አንድ ምርመራ ብቻውን አያስተማምንም፤ ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። የአጎቴ ሁለተኛው ውጤት ከፍ ብሎ ተገኘ። እግዜር ይስጣት ያቺን ልጅ!

እናም ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉት። «ምርመራው ይደገማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምርመራ) መነሳቱንም አረጋግጡ፤ እሱ የደም ውጤት አይጠብቅም። የኩላሊት ሕመም ካለ አትደብቁ፤ እሱም ትሮፖኒንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ብቻ እስኪነጋ ብላችሁ ቤት አትቆዩ፤ ሌሊትም ቢሆን በተገኘው መኪና ሂዱ።