ፕሌይስቴሽን ፖርታል ሲቆራረጥና ኮንሶሉን አላገኝ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ፖርታል ስክሪን ያለው፣ በእጅ የሚያዝ የሶኒ መጫወቻ ነው፤ ራሱ ግን ጌም አያስኬድም። በሪሞት ፕሌይ (ኮንሶሉን ከርቀት በሚያጫውተው አገልግሎት) ስትጫወቱ ጌሙ የሚሮጠው ቤት የተቀመጠው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ነው። ኮንሶሉ ምስሉን ጨምቆ ለራውተሩ ይሰጣል፣ ራውተሩ ለፖርታሉ ያደርሳል፣ የምትጫኑት ሁሉ ደግሞ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ይህ ያልገባው ሰው ጥፋቱን በእጁ ከያዘው እቃ ላይ ብቻ ይፈልጋል። «ፖርታሌ ተበላሸ» ተብለው ከሚመጡልኝ ውስጥ እውነትም የተበላሸ ፖርታል በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚገኘው ማንም ዞር ብሎ በማያየው ቦታ፣ ከኮንሶሉ እስከ ራውተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ሁለቱም አፕዴት መሆናቸውን፣ በአንድ አካውንት መከፈታቸውን፣ ኮንሶሉ ላይ ሪሞት ፕሌይ መብራቱን አይታችኋል ብዬ እቀጥላለሁ። ስቲም ዴክ በተባለው የእጅ ኮምፒውተር ላይ ቺያኪ በተባለ የሪሞት ፕሌይ ፕሮግራም የምትጫወቱም መንገዱ አንድ ስለሆነ አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ምልክት፦ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ኮንሶሉን አያገኝም

በመጀመሪያ ኮንሶሉን በእጃችሁ አብሩና ሞክሩ። ሲበራ የሚገናኝ፣ ሲተኛ ግን የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ ሬስት ሞድ (ኮንሶሉ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የሚተኛበት ሁኔታ) ነው። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ፓወር ሴቪንግ ግቡና በሬስት ሞድ ጊዜ የሚሠሩትን የሚዘረዝረውን ገጽ ክፈቱ። ሁለት ነገር መብራት አለበት፦ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ መቆየትና በኔትወርክ በኩል መነሳት። አንዱን ብቻ አብርተው «አብርቻለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

ቀጥሎ የኮንሶሉን መብራት እዩ። ብርቱካናማ ሆኖ ከቆየ ተኝቷል፣ ይቀሰቀሳል። ምንም መብራት ከሌለው ጠፍቷል፤ የጠፋ ኮንሶል ደግሞ በፖርታል አይነሳም። ማታ ማታ የሶኬት ማከፋፈያውን የሚያጠፋ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። በዚያ ላይ ብርቱካናማ እየበራ ከሶኬት መንቀል ኮንሶሉ ውስጥ ያለውን ዳታ ሊያበላሽ ይችላል፤ ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ።

በርቶም እያለ ካላገኘው ሁለቱ በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከኢንተርኔት አቅራቢው በመጣው ራውተር ላይ ሌላ ራውተር የተቀጠለበት ቤት ውስጥ ኮንሶሉ በአንዱ፣ ፖርታሉ በሌላው ሊገቡ ይችላሉ። አንዱን ራውተር ወደ አክሰስ ፖይንት ሞድ (የራሱን ኔትወርክ ሳይፈጥር ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭበት ሁኔታ) ቀይሩት። ለእንግዳ የተከፈተውን ጌስት ኔትወርክም ተዉት፤ የተሠራው መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ነው።

እየተጫወታችሁ ድንገት ተቋርጦ ኮንሶሉ ተኝቶ ከተገኘ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ያጠፋ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ኤችዲኤምአይ ዲቫይስ ሊንክ ሲበራ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ኮንሶሉንም ይዞት ሊተኛ ይችላል። ከሲስተም ሴቲንግ ውስጥ የፓወር ኦፍ ሊንኩን አጥፉት።

ምልክት፦ ይገናኛል፣ ግን ይቆራረጣል፣ ምስሉ ይደፈርሳል፣ ጣት ከስክሪኑ ይቀድማል

ዋናው ይህ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመኝ፣ ሰውም ከሁሉ በላይ ገንዘብ በከንቱ የሚያወጣበት።

ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ስልኩን ያወጣና ስፒድ ቴስት ያሠራል። «100 ሜጋቢት አለኝ፣ ሶኒ የሚጠይቀው ቢያንስ 5፣ ጥሩ እንዲሆን 15 ነው፣ ታዲያ ምን ጎደለ?» ይላል። ፓኬጅ ያሳድጋል። ዲኤንኤስ ይቀይራል። ሁለቱም ለዚህ ችግር ምንም አይፈይዱም። ስፒድ ቴስቱ የለካው ከቤት ወደ ውጭ ያለውን መንገድ ነው። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ስትጫወቱ ምስሉ ከራውተሩ አልፎ ከቤት አይወጣም። ዲኤንኤስ ደግሞ ስምን ወደ አድራሻ ከመፍታት ያለፈ ሥራ የለውም፤ አንዴ ከተገናኛችሁ በኋላ ምስሉ በሱ በኩል አያልፍም።

ምክንያቱ ኮንሶሉም በዋይፋይ መሆኑ ነው። ሁለቱም በአንድ ራውተር፣ በአንድ ቻናል (በአንድ የሬዲዮ መስመር) ላይ ሲሆኑ እያንዳንዱ ምስል አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፦ ከኮንሶሉ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ደግሞ ወደ ፖርታሉ። ዋይፋይ አንድ መኪና ብቻ እንደሚያሳልፍ ድልድይ ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ 15 ሜጋቢት የሚፈልገው ጨዋታ አየሩን እንደ 30 ሜጋቢት ይይዘዋል። በዚያ ላይ የሁሉም ሰው ስልክ አለ፣ ቪዲዮ የሚጎትተው ቴሌቪዥን አለ፣ በዚያው ቻናል ላይ የተቀመጠ የጎረቤት ራውተርም አለ።

መጠበቁ ለምን እንዲህ ያሳምማል? ፖርታሉ በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል፤ አንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። አየሩ ተይዞ አንድ ፓኬት (የሚላከው ዳታ ቁራጭ) 50 ሚሊሰከንድ ከጠበቀ ሦስት ምስል አለፈ። ፊልም የሚያሳይ አፕ የብዙ ሰከንድ ቪዲዮ አስቀድሞ ስለሚያከማች ይህን አታዩትም። ጌም ግን የሚቀጥለውን ምስል የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ አስቀድሞ የሚከማች ነገር የለም። ስፒድ ቴስትም አማካይ ስለሚያወጣ ይህች 50 ሚሊሰከንድ ቁጥሩ ውስጥ ሟሙታ ትጠፋለች። ማየት ከፈለጋችሁ ኮንሶሉ እንደሚያደርገው በዋይፋይ የገባ ላፕቶፕ ኮንሶሉ አጠገብ አስቀምጡና ራውተሩን ለአንድ ደቂቃ ፒንግ አድርጉት (ትንሽ መልእክት እየላካችሁ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚመጣ ለኩ)። አማካዩን ተዉት፣ ትልቁን ቁጥር እዩ። ሁለትና ሦስት እያለ ድንገት 80 የሚዘል ከሆነ አገኛችሁት።

ያለ ምንም መሣሪያ የሚሠራም ፈተና አለ። ፖርታሉን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ፣ አንድ እርምጃ ላይ ቁሙና ተጫወቱ። እዚያም ከተቆራረጠ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በኮንሶሉ በኩል ነው። እዚያ ጥሩ ሆኖ መኝታ ቤት ስትገቡ ብቻ ከተበላሸ ጥፋቱ ከራውተሩ ወደ እናንተ ባለው መንገድ ነው። አዲስ እቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አድርጉ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አትወስድም።

መፍትሄው ኬብል ነው። ከራውተሩ ወደ ፕሌይስቴሽኑ አንድ የኢተርኔት ኬብል ሳቡ። የአየሩ ጉዞ ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል። ራውተር ሊቀይሩ ተነስተው ይህን ብቻ አድርገው ችግሩን የረሱ ሰዎች ብዙ አሉ።

«ኬብልም ሞክሬ ነበር፣ ለውጥ የለውም» የሚል ሰው ሲመጣ ወዲያው አላምንም። አንድ ቤት ሄጄ ያየሁት ይህን ነው፦ ኬብሉ በእርግጥ ተዘርግቷል፣ በሁለቱም ጫፍ ተሰክቷል። ነገር ግን ከኮንሶሉ ጀርባ ባለው ጫፍ ላይ «ቀጭ» ብላ የምትይዘው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች። ጫፉ ከቀዳዳው ትንሽ ሸርተት ብሎ ወጥቷል፣ ራውተሩ ላይ የዚያ ፖርት መብራት ጠፍቷል፣ ኮንሶሉም በዋይፋዩ ላይ እንዳለ ነው። ባለቤቱ ለወራት በኬብል የሚጫወት መስሎት ነበር። ስለዚህ ሰክታችሁ አትሂዱ። ራውተሩ ላይ መብራቷ መብራቷን እዩ፣ ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ገብታችሁ ኮኔክሽን ስታተስ ላይ ባለገመድ የሚል መሆኑን አንብቡ። ካልሆነ እዚያው ዋየርድ ላንን አዋቅሩት።

የኬብል ነገር ከተነሳ፦ ካት 5ኢ በቂ ነው። ካት 8 እያሉ በውድ የሚሸጡላችሁን አትግዙ፤ ለዚህ ሥራ ምንም አይጨምርም። የምጠላው ሌላ ነው፤ መዳብ በተቀባ አልሙኒየም የሚሠሩትን ርካሽ ኬብሎች። በር ስር ሲያልፉ፣ ማእዘን ላይ ሲታጠፉ ውስጣቸው ይሰበራል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። አንድ ቀን ይሠራሉ፣ አንድ ቀን ይቆራረጣሉ፣ ሰውን ያሳብዳሉ። ንጹህ መዳብ የሚል ግዙ።

ኬብል መሳብ ፈጽሞ ካልተቻለ

ኮንሶሉን ወደ 5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ባንድ (የሬዲዮ ክልል) አዙሩት። ብዙ ራውተር 2.4ቱንም 5ቱንም በአንድ ስም ስለሚያወጣ ኮንሶሉ ቀርፋፋውን 2.4 መርጦ ተቀምጦ ይገኛል። ፕሌይስቴሽን 5 የዋይፋይ ኔትወርኩን ስትመርጡ ባንዱን ለይታችሁ እንድትወስኑ ይፈቅዳል። ካልሆነም ራውተሩ ላይ ለሁለቱ የተለያየ ስም ስጧቸው።

ኮንሶሉ በሩ በሚዘጋ የቴሌቪዥን ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ አውጡት። አንድ ደንበኛ ቤት ደግሞ ኮንሶሉ ጀርባ ላይ የዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ፣ ስስ ገመዱ ተጠቅልሎ እዚያው ተለጥፎ ነበር። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሚያርፍ ጫጫታ እንደሚያወጣ ኢንቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል፤ መሸፈኛው ደካማ የሆነ ገመድ ደግሞ ያባብሰዋል። ኮንሶሉን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛውረን ዲስኩን በተሻለ ገመድ አራቅነው፣ መቆራረጡም ቆመ።

5 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሉን ከ36 እስከ 48 ካሉት አንዱ አድርጉት። ከ52 እስከ 144 ያሉትን ራውተሩ ከራዳር ጋር ይጋራቸዋል፤ የራዳር ምልክት የሰማ ራውተር ቻናሉን ለቆ መውጣት ግዴታው ነው። ሰላም ስትጫወቱ ቆይታችሁ በድንገት ሁሉም መሣሪያ አንድ ላይ የሚቋረጥ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። 2.4 ላይ ለመቆየት ከተገደዳችሁ 1፣ 6 ወይም 11 ብቻ ምረጡ፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ማይክሮዌቭ ሲሠራ ብቻ የሚበላሽ ከሆነም ባንዱ ይኸው 2.4 ነው።

ኤክስቴንደር አትግዙ። የሰማውን በዚያው ቻናል መልሶ የሚናገር ርካሽ ኤክስቴንደር አየር ላይ ሁለት የነበረውን ጉዞ ሦስትና አራት ያደርገዋል። የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ጨዋታው ግን ይብሳል፤ ሰውም ሙሉ ምልክቱን አይቶ ጥፋቱን ፖርታሉ ላይ ይጥላል። ራቅ ያለ ክፍል መድረስ ካለባችሁ በኬብል የተገናኘ አክሰስ ፖይንት አድርጉ። በመብራት መስመር ዳታ የሚያሻግሩት አዳፕተሮችም ይሠራሉ፤ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሲሰኩ እንጂ ማከፋፈያ ላይ ሲሰኩ አይደለም።

ለፖርታል ብላችሁ ዋይፋይ 6 ወይም 7 ራውተር ለመግዛት ካሰባችሁም ቆዩ። ፖርታሉ የሚያውቀው እስከ ዋይፋይ 5 ነው።

ምልክት፦ ቤት ውስጥ ጥሩ ነው፣ ከቤት ስወጣ አይሆንም

አሁን የኢንተርኔቱ ፍጥነት በእውነት ያገባዋል፤ የሚያገባው ግን የቤታችሁ የአፕሎድ ፍጥነት ነው። ኮንሶሉ ምስሉን የሚልከው በዚያ ነው። 100 ማውረጃ፣ 5 መስቀያ ያለው መስመር ከውጭ ሲጫወቱበት ይጨነቃል። ከዚያ ኮንሶሉ ላይ የኢንተርኔት ቴስት አሠሩና የናት ዓይነቱን (ራውተሩ ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚያሳየውን ቁጥር) እዩ። 3 ከሆነ ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ (መሣሪያዎች ከራውተሩ መተላለፊያ በራሳቸው እንዲያስከፍቱ የሚፈቅደውን) አብሩ። ራውተሮቹ ሁለት ከሆኑ ከላይ እንዳልኩት አንዱን አክሰስ ፖይንት አድርጉት። ኮንሶሉን ዲኤምዜድ ውስጥ አስገቡት የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ፤ መሣሪያውን ለውጭ ዓለም ክፍት ማድረግ ነው።

በመግቢያ ገጽ የሚከፈት የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ድሮ ፖርታል ላይ አይሠራም ነበር። ከ2024 እ.ኤ.አ. አፕዴት ወዲህ በስልክ ኪውአር ኮድ አንስቶ መግባት ይቻላል።

በየመሃሉ የሚመጡ

ጌሙ ይታያል፣ የፊልም አፕ ሲከፈት ግን ስክሪኑ ይጠቁራል፦ ብልሽት አይደለም፣ አፑ በሪሞት ፕሌይ እንዳይተላለፍ ተከልክሏል። የብሉሬይ ዲስክም እንደዚያው።

የብሉቱዝ ማዳመጫ አይገናኝም፦ ፖርታል ብሉቱዝ ማዳመጫ አይቀበልም። የፕሌይስቴሽን ሊንክ ማዳመጫ (የሶኒን የራሱን ገመድ አልባ መንገድ የሚጠቀም) ወይም 3.5 ሚሊሜትር ገመድ ያለው ተጠቀሙ።

የፕሌይስቴሽን ቪአር 2 (የሶኒ ቪአር መነጽር) ጌም አይከፈትም፦ አይደገፍም።

ሌላ ሰው በዚያው አካውንት ኮንሶሉ ላይ ሊጫወት ሲገባ እናንተ ትወጣላችሁ፦ ለእሱ የራሱን አካውንት ክፈቱለት።

እና አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ከነዚህ ለአንዱም ቢሆን ፕሌይስቴሽን 5ን ሪሴት አታድርጉ። ሁሉን የሚያጠፋው ሪሴት ጌሞቻችሁንና ሌላ ቦታ ያላስቀመጣችሁትን ሴቭ በሙሉ ይዞ ይሄዳል፤ የዋይፋዩን መቆራረጥ ግን አይነካውም። ለመቆራረጥ ብሎ ሪሴት አድርጎ የመቶ ሰዓት ጨዋታ ሴቭ ያጣ ልጅ መጥቶልኝ ነበር። ኮንሶሉን ቤቱ ድረስ ሄጄ በኬብል አገናኘሁለት፣ መቆራረጡ በዚያው ቀረ፤ ሴቩን ግን መመለስ አልተቻለም። ሪሴት የሚለው ቁልፍ ላይ እጃችሁ ከደረሰ መጀመሪያ ሴቩን ወደ ዩኤስቢ ወይም ወደ ክላውድ አውጡ። ፕሌይስቴሽን 5 የራሱን ጌሞች ሴቭ ለብቻው ነጥሎ ወደ ዩኤስቢ አይገለብጥም፤ እንዲህ ተነጥሎ የሚገለበጠው የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ሴቭ ብቻ ነው። ለፕሌይስቴሽን 5 ጌሞች ያለው መንገድ ወይ ክላውድ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ፕሌይስቴሽን ፕላስ ያስፈልጋል፤ ወይም የኮንሶሉን ዳታ በባክአፕ ወደ ዩኤስቢ ዲስክ ማውጣት ነው።