መልሱን ቀድሞ ማየት፦ ፖከር የሚያጠኑ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ አንዲት ቡና ቤት ቅዳሜ ጠዋት ከ4 ሰዓት ጀምሮ አምስት ስድስት ሆነን እንሰበሰባለን። ዓርብ ማታ በአንዳችን ቤት በትንሽ ገንዘብ የተጫወትነውን ቴክሳስ ሆልደም የተባለ የፖከር ዓይነት በማግሥቱ ደብተር ዘርግተንና ላፕቶፕ ከፍተን እንመረምረዋለን። በየጊዜው አዳዲስ ወጣቶች ይቀላቀሉናል፤ ትጉሃን ናቸው፣ እኛ ስንጀምር ያልነበሩን ፕሮግራሞችም በእጃቸው አሉ። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ይዘው ሲመጡ፣ በዚያው ስህተት ወራት ሲያልፉባቸውና ተስፋ ቆርጠው ሲቀሩ ደጋግሜ ስላየሁ ልጽፈው ወሰንኩ። የጨዋታውን ሕግ ገና ያላወቀ አንባቢ አስቀድሞ እሱን ቢማር ይሻላል፤ ይህ ጽሑፍ ሕጉን አውቀው፣ ሰዓታቸውንም ሰጥተው፣ ለውጥ ላላዩ ሰዎች ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ራስ ሳያስቡ መልሱን ከፕሮግራም መቀበል ነው። ሶልቨር የሚባለው ፕሮግራም ሁለቱ ተጫዋቾች ሊይዟቸው የሚችሉትን ካርታዎች፣ መሃል ያለውን ገንዘብና የሚያስይዙትን መጠን ከእርስዎ ተቀብሎ፣ አንዱ የሌላውን ድክመት ሊጠቀምበት የማይችልበትን አጨዋወት ያሰላል። ስሌቱ ትክክል ነው። ሆኖም መልሱ የሚጠቅመው ለተጠየቀው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ጥያቄውን የሚያዘጋጀው ደግሞ ሰው ነው።

አንድ ወጣት ባለፈው ክረምት የተበላበትን ዙር ሊያሳየኝ ስልኩን ከፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ። መሃል 400 ብር ነበር፤ የመጨረሻው ካርታ ከተገለጠ በኋላ ተጋጣሚው ሌላ 400 ብር አስያዘ፤ እሱ ጥንድ አስ ይዞ ኮል አደረገና (ያንኑ ያህል ከፈለና) ተበላ። «ሰውየው ምን ይዟል ብለህ አሰብህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሶልቨሩ እኮ ኮል ነው የሚለው» አለኝ። ጥያቄዬን ደገምሁለት፤ ዝም አለ። ያ ዝምታ እስካሁን ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ልጁ ሰነፍ አልነበረም፣ በሳምንት አሥር ሰዓት ያህል ያጠናል፤ የሚያጠናው ግን የሌላ አእምሮ የደረሰበትን ውጤት ነበር።

ነገሩን አብረን አየነው። 400 ብር ከፍሎ በድምሩ 1,200 ብር ከሚሆነው ገንዘብ ላይ ለመወዳደር ከ3 ጊዜ 1 ጊዜ ማሸነፍ አለበት። ሶልቨሩ ኮል የሚለው ተጋጣሚው እንዲህ ካስያዘባቸው 3 ጊዜያት በ1ዱ ባዶ እጁን የሚያስፈራራ አድርጎ ስለሚያስብ ነው። ያ ተጋጣሚ ግን ሁላችንም የምናውቀው ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት አብሮን ሲጫወት በመጨረሻው ካርታ ላይ መሃል ያለውን ያህል ገንዘብ በባዶ እጁ ሲያስይዝ አንድም ቀን አላየነውም። ከተጋጣሚው ካርታዎች ውስጥ ባዶዎቹን አውጥተን ፕሮግራሙን እንደገና ስናስኬደው መልሱ ተገለበጠ፤ ጥሎ መውጣት ሆነ። መሣሪያው አንድ ነው፣ ካርታውም አንድ ነው፤ የተለወጠው ስለ ሰውየው የነገርነው ነገር ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳት አለ። ሶልቨሩ ብዙ ጊዜ «52 በመቶ ኮል፣ 48 በመቶ ጣል» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ጀማሪውም 52 ስለሚበልጥ ኮል ትክክል፣ መጣል ስህተት መስሎት በደብተሩ ይጽፈዋል። እንዲህ የተከፈለ መልስ ማለት ሁለቱ ምርጫዎች በረጅሙ የሚያስገኙት ገንዘብ እኩል ነው ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ዙር ላይ አንድ ሰዓት የሚያጠፋ ሰው ምንም የማያስከፍለውን ነገር እያጠና፣ በየሳምንቱ መቶ ብር የሚያስከፍለውን ሌላ ስህተት ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ ከመቶኛው በፊት በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ያለውን የገንዘብ ልዩነት ማየት ይገባል።

እኔ ራሴ አንድ ዓመት ያህል በዚህ መንገድ ሄጃለሁ። የመለሰኝ ደብተር ነው። በሳምንት አሥር ዙሮች ብቻ እመርጣለሁ፤ ለእያንዳንዱ መሃል ያለውን ገንዘብ፣ የተገለጡትን ካርታዎች፣ ተጋጣሚዬ ሊይዛቸው የሚችላቸውን ካርታዎች በሙሉ፣ ከዚያም የራሴን ውሳኔና ምክንያቱን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ይህ ሁሉ ሳይጻፍ ላፕቶፑ አይከፈትም። የጻፍሁት ሲሳሳት ያ ስህተት በአእምሮዬ ይቀራል፤ ሳላስብ ያየሁት ትክክለኛ መልስ ግን እስከ ዓርብ እንኳን አይቆይልኝም ነበር።

ማሽኖቹም ቢሆኑ የተሻሻሉት ስህተታቸውን እየፈለጉ ነው። የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ሊብራተስ የተባለ ፖከር ተጫዋች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በፒትስበርግ ከ4 ታዋቂ ተጫዋቾች ጋር ለ20 ቀናት 120,000 ዙር ተጫውቶ አሸንፏል። ቀን ተጫዋቾቹ ያገኙበትን ክፍተት ሌሊት ራሱ እያሰላ ይደፍን ነበር።

ቪዲዮን እንደ ጥናት መቁጠርም ስህተት ነው። ምሳ እየበሉ የሚታይ ትምህርት ደስ ያሰኛል፤ ቪዲዮውን አቁሞ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ ካልጻፉ ግን ከመዝናኛ አያልፍም።

ተጋጣሚን በአንድ ካርታ ላይ ብቻ መቸንከር በጣም የተለመደ ነው። «አስ ጥንድ ይዟል» ይላሉ፣ ይጥላሉ። ጥንድ ኩዊን ይዘናል እንበልና ጥንቁቁ ተጋጣሚያችን ገና ካርታ ሳይገለጥ ደጋግሞ ቢጨምር፣ ሊይዝ የሚችለው ጥንድ አስ፣ ጥንድ ኪንግ ወይም አስ ከኪንግ ጋር ነው እንበል። ጥንድ አስ በ6 መንገድ፣ ጥንድ ኪንግ በ6 መንገድ፣ አስና ኪንግ ግን በ16 መንገድ ሊታደሉት ይችላሉ። ከ28ቱ በ16ቱ እኛ እንቀድማለን ማለት ነው። ይህን ቆጠራ ያለ ምንም ፕሮግራም ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ መለማመድ ይቻላል፤ ጀማሪዎች ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ይህን ቢለምዱ ደስ ይለኛል።

የዕድል ሠንጠረዥን ሸምድዶ ያለ ቦታው መጠቀም ደግሞ አለ። ሦስቱ ካርታዎች ሲገለጡ አራት የልብ ካርታ ያለው ሰው አምስተኛውን የማግኘት ዕድሉ 35 በመቶ መሆኑን ያውቃል። መሃል 300 ብር ሆኖ ተጋጣሚው 150 ሲያስይዝ የሚያስፈልገው 25 በመቶ ነውና ይከፍላል። ሆኖም 35 በመቶው ሁለት ካርታ ለሚያይ ሰው ነው፤ ለአንድ ካርታ ዕድሉ 19 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ተጋጣሚውም በአራተኛው ካርታ እንደገና ያስይዛል። የመጀመሪያው ክፍያ ልክ የሚሆነው ልቡ ሲመጣ ተጋጣሚው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ዓይነት ሰው ከሆነ ነው፤ ይህንንም ከመክፈል በፊት ማሰብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ትኩረት ልምጣ፤ ያጠናነው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ የሚጠፋው በዚህ ነውና። የራሴን ልንገራችሁ። ካዛንቺስ አንድ ጓደኛችን ቤት እየተጫወትን ነበር፤ ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝ ኳስ ያሳያል፣ ስልኬም ጠረጴዛው ላይ ነበር። አስና ኪንግ ይዤ ሦስቱ ካርታዎች ሲገለጡ ከመካከላቸው አንዱ አስ ነበር፤ ሦስቱም ግን ልብ ነበሩ። በዚያች ቅጽበት መልእክት ገባልኝና አነበብሁት። ተጋጣሚዬ እስከ መጨረሻ ድረስ እያስያዘ መጣ፤ በመጨረሻው ካርታ ላይ «አምስት ልብ ሞልቶለታል» ብዬ ጣልሁ። እሱ የገለጠው ግን ባዶ ጥንድ ስምንት ነበር። ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ ቀስ ብሎ «ልቦቹ ሲገለጡ የራሱን ካርታ ቀና አድርጎ መልሶ አየ እኮ፣ አላየኸውም?» አለኝ። ሁለት ልብ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያስታውሰው መልሶ አያይም፤ መልሶ የሚያየው አንድ እንኳን እንዳለው ለማረጋገጥ ነው። መሃል 600 ብር ነበር። ገንዘቡን ረሳሁት፤ ያን ምልክት በራሴ ዓይን ሳላየው ማለፌን ግን አልረሳሁትም፣ ምክንያቱም ስለ እንዲህ ዓይነት ምልክቶች ለወራት ለሌሎች ሳስተምር ቆይቼ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት ስልክ ኮት ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ኮቱም ሌላ ክፍል ይሰቀላል። ያለ ካርታ በተቀመጥንበት ጊዜ ስለ አንድ ተጫዋች ብቻ መከታተል እንለማመዳለን፤ ስንት ጊዜ ገባ፣ ሲጨምር ስንት አስያዘ፣ መጨረሻ ላይ ምን ገለጠ። በአንድ ማታ ሦስት ሰው ከመከታተል አንዱን በደንብ ማወቅ የበለጠ ያስገኛል። ጫት እየቃሙ እስከ ንጋት መጫወትንም አልመክርም፤ ነቅቶ መቆየትና ማሰብ የተለያዩ ናቸው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ የሚወሰነውን የቅዳሜ ጠዋት ደብተራችን በግልጽ ያሳየናል። የተበላን ገንዘብ ለማስመለስ ሲባል ሰዓት መጨመርም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል፤ እኛ የምንነሣበትን ሰዓት ካርታ ሳይበወዝ በፊት እንወስናለን።

በኢንተርኔት ሲጫወቱ ሶልቨርን ጎን ለጎን ከፍቶ መልስ ማየት ማጭበርበር ነው፤ ስለዚህ ሌላ የምለው የለኝም። የቤት ኪራይ ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ ሰውም በእኛ ጠረጴዛ ቦታ የለም።

በጥቂት ሳምንት ውጤት ራስን መመዘን ብዙ ጎበዝ ልጆችን አሳስቷል። በዚህ ጨዋታ ውጤት በየ100 ዙሩ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ቢግ ብላይንድ (ካርታ ሳይታደል አንድ ተጫዋች በግዴታ የሚያስይዘው መጠን) ያህል ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። በቤት ጨዋታ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ዙር ይታደላል፤ አምስት ሰዓት ብንጫወት በአንድ ዓርብ 150 ዙር ቢሆን ነው። 10,000 ዙር ለመድረስ ከ60 በላይ ዓርብ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ እንኳን አማካዩ በ100 ዙር ከ8 እስከ 10 ቢግ ብላይንድ ሊዛነፍ ይችላል፣ 5 የሚያተርፍ ሰው ደግሞ ጎበዝ ይባላል። አራት ዓርብ ተከታትሎ የተበላ ወጣት ሁሉን ነገር ለውጦ ሲመጣ፣ ከመለወጡ በፊት የጻፈውን ደብተር እንዲያመጣ እጠይቀዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ውሳኔዎቹ ከሞላ ጎደል ደህና ናቸው።

የመጨረሻው፣ የተበሉበትን ዙር ብቻ መመርመር ነው። ያሸነፍንበት ዙር ውስጥ የተደበቀ ስህተት ማንም አይፈልገውም፤ ሰውየው ሊከፍል የነበረውን 200 ብር ሳንጠይቀው ያለፍንበት፣ ዕድል ያዳነን መጥፎ ክፍያ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ስለዚህ ከአሥሩ ዙሮች አምስቱ የበላንባቸው እንዲሆኑ ተስማምተናል፤ ዓርብ ማታ ከጠረጴዛው ሳንነሣ ካርታዎቹንና መጠኑን ብቻ በአጭሩ እንጽፋለን፣ ማን ልክ ነበር የሚለውን ግን እንቅልፍ ወስዶን፣ ቡናችን ቀርቦልን እስክንቀመጥ ድረስ አንነጋገርበትም።